የፓርላማ ወንበርና የሴቶች ቁጥር

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ እኛን ያሠለጠነን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ። በሁለቱም በር ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ጉዳይ፣ ሥሩ ሲመዘዝ፣ ብዙ ጊዜ አራት ኪሎ የወጣ ወይም ሳይወጣ የቀረ ሕግ ጋ ይደርሳል። እኔ ሐኪሟ ስለ ምርጫ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ በር ከፈተ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ጣሊያን አዚናራ ደሴት ላይ አስሯቸው የነበሩት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት ስንዱ ማለቴ ነው። ብዙ ሴት ግን አልተከተላቸውም። ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ዘመን ንብረቱ በማን ስም እንደነበረ መቼም አይጠፋችሁም።

ወደኛ ዘመን እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ የሴቶቹ ድርሻ ከመቶ 3 አይሞላም ነበር። በ1992 ወደ 8፣ በ1997 ወደ 22፣ በ2002 ወደ 28 አደገ፤ በ2007 ደግሞ 212 ሴቶች ገቡ፣ ከመቶ 39 ገደማ። በ1997 ቁጥሩ እንዲያ የዘለለው ኢሕአዴግ ከዕጩዎቹ 30 ከመቶውን ለሴቶች ለመስጠት በመወሰኑ ነው። ሕግ አላስገደደውም። ሩዋንዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ 30 ከመቶ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጻፈችው፤ ማንም ፓርቲ ቢያሸንፍ አይነካም።

እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገው፣ ባልን የቤቱ አለቃ የሚለውን ያስቀረው የቤተሰብ ሕግ የጸደቀው በ1992 ነው፤ ሴቶች ከመቶ 3 ባልሞሉበት ምክር ቤት! የወንጀል ሕጉም እንዲሁ። ኢንተርን ሳለን በየተራችን ሌሊት የምንቀበላቸውን ልጆች አስታውሱ፤ ማህፀናቸው መርቅዞ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ማን ምን እንዳደረገላቸው ለመናገር ፈርተው። የተደፈረች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ሆኖ በጤና ተቋም ፅንስ እንድታቋርጥ የፈቀደው የ1996ቱ ሕግ ሲወጣ የምክር ቤቱ ሴቶች ከመቶ 8 እንኳ በቅጡ አልሞሉም ነበር።

ታዲያ ማን ገፋው? በአመዛኙ ከምክር ቤቱ ውጭ ያሉ። በ1987 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ በፅንስ ማቋረጡ ጉዳይ የኛው የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርም ድምፁን አሰምቷል። ከዚያስ? በ2001 ዓ.ም. አዋጅ 621 ወጣና መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 ከመቶ እንዳያልፍ ተደረገ። የሴት ጠበቆቹ ማኅበር ሥራው ተመናመነ። ይህን ያጸደቀው ምክር ቤት ከበፊቶቹ ሁሉ ብዙ ሴቶች ነበሩበት። አዋጁ በ2011 በሌላ የተተካውም የመንግሥት መሪው ከተለወጠ በኋላ ነው።

እነዚያን ሴቶች አልወቅስም። ወንበሩን የሰጣቸው ፓርቲ ነው፤ ፓርቲው ነገ ይነሣቸዋል። ወንዶቹም ቢሆኑ ያው ናቸው፣ እነሱን ግን «የኮታ» የሚላቸው የለም። እኔ ኮታ ይኑር ባይ ነኝ፤ ሕግ ውስጥ ይጻፍ ነው የምለው። አሁን ያለን አዋጅ 1162/2011 ነው፤ ሴት ዕጩ በብዛት ያቀረበ ፓርቲ ከመንግሥት የተሻለ ገንዘብ ያገኛል። ያላቀረበው ከምርጫ አይወጣም፣ ብሩ ነው የሚቀንስበት።