ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ

የሰው ልብ በወፍራም የጡንቻ ግድግዳ ቀኝና ግራ ተብሎ የተከፈለ ሲሆን፣ በየወገኑ ደም የሚቀበል የላይኛ ክፍልና ደም የሚገፋ የታችኛ ክፍል አለው። ከመላ አካል የተመለሰው ደም በቀኙ ወገን ገብቶ ወደ ሳንባ ይላካል፤ በዚያም ኦክሲጅን ይዞ ወደ ግራው ወገን ከተመለሰ በኋላ አኦርታ በሚባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ወደ መላ አካል ይሠራጫል። ይህ ዕውቀት የተገኘው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ስሕተት ከተወገደ በኋላ ነው፤ የስሕተቱም ዋና ምሰሶ የተተከለው በዚያው ግድግዳ ላይ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ129 ዓ.ም. በጴርጋሞን የተወለደው ሐኪም ጋለን፣ ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ እየተሠራ ወደ አካል ከፈሰሰ በኋላ በዚያው የሚያልቅ እንጂ የሚመለስ እንዳልሆነ፣ ጥቂቱም በልብ ግድግዳ ላይ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሾልክ አስተማረ። በዚህ ብቻ እርሱን መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም፤ ከልብ የሚወጡት ቧንቧዎች አየር እንጂ ደም አይዙም ይባል የነበረውን በሙከራ ያፈረሰው እርሱ ራሱ ነውና። ጉዳቱ የመጣው ተከታዮቹ መጽሐፉን ከዓይናቸው አስበልጠው በማመናቸው ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በደማስቆ ተምሮ በካይሮ ያገለገለው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ፣ የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ የአካል ክፍሎች ትምህርት ሲያብራራ፣ ግድግዳው ድፍን መሆኑን፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ እንደሌለው፣ ስለዚህም ደሙ ወደ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆን እንዳለበት በግልጽ ጻፈ። ይህ ድፍረት በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የሚገባው ቢሆንም፣ የዘመናችን ተመራማሪዎች ትኩረት ያረፈበት አንድ ግብጻዊ ሐኪም በ1924 በበርሊን የእጅ ጽሑፉን ካገኘ በኋላ ነው።

በአውሮፓ የጥያቄው ዋና መድረክ የጣሊያኗ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሆነች። በዚያ ያስተምር የነበረው ቬሳሊየስ በ1543 ባሳተመው ታላቅ የአናቶሚ መጽሐፍ የጋለንን ቀዳዳዎች ገና በአድናቆት ቢጠቅሳቸውም፣ በ1555 እትሙ ግን ደም በዚያ እንዴት ሊያልፍ እንደሚችል እንደማይገባው ገለጸ። በእርሱ ቦታ የተተካው ኮሎምቦም ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ ያስረዳ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1559 ታተመ። በ1590ዎቹ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ፋብሪሲየስ ተማሪዎች በስድስት እርከን ቆመው ሬሳ ሲከፈት ቁልቁል የሚመለከቱበትን ጠባብ የአናቶሚ አዳራሽ አሠራ። ይኸው መምህር ደም ወደ ልብ በሚመለስባቸው ሥሮች ውስጥ ያሉትን ቫልቮች፣ ማለትም እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ክዳኖችን፣ በ1603 በጽሑፍ ገለጠ፤ ተግባራቸው ግን የደምን ፍጥነት መግታት ብቻ መሰለው።

በ1602 ከፓዱዋ የተመረቀው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ፣ እነዚያ በሮች የሚከፈቱት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን አጤነ። ክንድን በገመድ አስሮ ያበጠውን ሥር በጣት እየተጫነ ደሙ ወደ ልብ እንጂ ወደ ጣቶች እንደማይሄድ አሳየ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃው ግን ስሌቱ ነው፤ ልብ በአንድ ምት ግማሽ አውንስ ደም ብትገፋ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም አንድ ሺህ ጊዜ ብትመታ፣ የወጣው ደም አምስት መቶ አውንስ፣ ማለትም ከ14 ኪሎግራም በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ደም በአካል ውስጥ ስለሌለና ከምግብም በዚያ ፍጥነት ሊሠራ ስለማይችል፣ ያው ደም እየዞረ ይመለሳል ከማለት በቀር መውጫ አልነበረም። መጽሐፉ በ1628 በፍራንክፈርት ታተመ። ዛሬ በአማርኛ ደም ቅዳ እና ደም መልስ የሚባሉት ሁለቱ የሥሮች ስሞች ይህንኑ ሐሳብ በውስጣቸው ይዘዋል፤ ለጋለን ዘመን ሐኪም ግን መልስ የሚለው ቃል ትርጉም ባልሰጠውም ነበር።

ሃርቬይ ያላየው አንድ ነገር ቀረ፤ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበት መንገድ። በ1657 ሲሞት ይህ ድልድይ በምክንያት እንጂ በዓይን የተረጋገጠ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የቦሎኛው ማልፒጊ የእንቁራሪትን ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሁለቱን የሚያገናኙ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ሥሮች እንደ መረብ ተዘርግተው አገኘ።