ምቱ ከወታደሩ ቀድሟል

የኩባ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ከጎናችን ከተሰለፉት የኩባ ወታደሮች ጋር ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። የወታደሮቹ ውለታ በአዲስ አበባው የትግላችን ሐውልት ይታወሳል፤ ምቱ ግን ቀድሟቸዋል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን አልበም ኒውዮርክ ላይ ሲያስቀርጽ፣ ከተማዋ እንደ ማቺቶ ያሉ የኩባ ሙዚቀኞች ከሃቫና ባመጡት ምት ከሃያ ዓመት በላይ ስትጨፍር ኖራ ነበር። ሙላቱ ኮንጋውንና ቫይብራፎኑን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ቅኝቶች ጋር አዋሃዳቸው፤ ኢትዮ ጃዝ የምንለውም ይኸው ነው።

«እንግዲያው የተውሶ ሙዚቃ ነው» የሚል ሙግት ይነሳል። አልቀበለውም። ሶን የተባለው የኩባ ሙዚቃ ራሱ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ምትና የስፔን ጊታር የወለዱት ነው፤ ድብልቅ መሆኑ ኩባዊነቱን አላሳጣውም። የእኛም ዜማ ከቅኝቱ አልወጣም፤ የተለወጠው ከሥሩ የሚሄደው ምት ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሥራዎች ይዞ ሲወጣ፣ ያ ውህደት ተመልሶ ዓለምን አዳርሷል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በመጣ ቁጥር ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሚደምቀው የቄጣላ ጭፈራም እንዲህ ያለ የታሰበበት ቅንብር ይገባዋል፤ የሐዋሳ ሙዚቀኞች ይሞክሩት።