የጦር መሣሪያ አደራ

የጦር መሣሪያ አደራ፣ በልማድ «ጋን ትረስት»፣ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መሣሪያዎችና እንደ ድምፅ ማፈኛ ያሉ ተጓዳኝ ዕቃዎች በባለአደራዎች እንዲያዙ በጽሑፍ የሚቋቋም የንብረት አያያዝ ነው። የተስፋፋው በአሜሪካ ሲሆን፣ መነሻው ማፈኛን ለምዝገባና ለ200 ዶላር ግብር ያስገደደው የ1934 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ ነው። በባል ስም ብቻ የተመዘገበ ማፈኛ እሱ በሌለበት በሚስቱ እጅ ቢገኝ ሊያስጠይቃት ይችላል፤ በአደራው ሰነድ ባለአደራ ተብላ ከሰፈረች ግን ሕጋዊ ያዥ ናት። ባለቤቱ ሲሞትም ዕቃው በሰነዱ መሠረት ለተተኪው ይተላለፋል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ባለአደራዎች አሻራና ፎቶግራፍ አይጠየቁም ነበር፤ ብዙዎችን የሳበውም ይኸው ክፍተት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ያቀርባሉ።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ በአደራ ስለሚተዳደር ንብረት ይደነግጋል። መሣሪያን የሚገዛው ግን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ መሠረቱም ፈቃድ ነው። ፋብሪካ በበዛበት አቃቂ ቃሊቲ አንድ ዘበኛ በፈረቃው የድርጅቱን ጠብመንጃ ተረክቦ በር ላይ ሲቆም ነገሩ አደራ ይመስላል፤ መብቱ የሚመነጨው ግን ከድርጅቱ ፈቃድ እንጂ ከአደራ ሰነድ አይደለም።