ጅቡቲ ከተማ ለጎብኚ

ጅቡቲ ከተማ የጅቡቲ ሪፐብሊክ ዋና ከተማና ወደብ ናት። የተቆረቆረችው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ባሕሩ እንደ ምላስ በገባ መሬት ላይ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ይኖርባታል። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ 90 በመቶ ያህሉ በዚህ ስለሚያልፍ ስሟን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ባሕር ለማየት ብሎ የሚሄድባት ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚያውቃት ከከባድ መኪና ሹፌሮች አንደበት ነው፤ ወሬውም ሙቀትና የወደብ ወረፋ ነው። እዚህ የምትቀርበው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሰው በቀላሉ የሚደረስ ባሕር ያላት ከተማ ሆና ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሩና ሰዓቱ

ጅቡቲን የሚያስወድደውም የሚያስጠላውም የሚመጡበት ወር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ቀኑ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይውላል፤ ባሕሩም ለዋና ይመቻል። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ሁሉም ይለወጣል። ክረምት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፣ ሌሊቱ አያበርድም፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስም አሸዋ እያዘለ ይነፍሳል። አቅሙ ያላቸው ጅቡቲዎች ራሳቸው በእነዚያ ወራት ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት ከተማዋን አይቶ የተመለሰ ሰው አልወደድኳትም ቢል ሊፈረድበት አይገባም፤ ግን ከተማዋን አላያትም።

በደጉ ወቅትም ቢሆን የከተማዋን የቀን አዋዋል ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ነው። የገበያ፣ የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ከረፋዱ በፊት መጨረስ አለበት። ቀትር ላይ ሱቆች ይዘጋሉ፤ በዚሁ ሰዓት ግድም ከኢትዮጵያ የሚመጣው የዕለቱ ጫት ይደርስና ሴቶች በየመንገዱ ዳር በጨርቅ ጠቅልለው መሸጥ ይጀምራሉ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማዋ በር ዘግታ ትቀመጣለች። በእነዚህ ሰዓቶች ጥላ ፈልጎ ማረፍ እንጂ በእግር መዞር አይመከርም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰዉ እንደገና ይወጣል፤ እውነተኛው የከተማ ሕይወትም ያኔ ነው። የሰዓት ክልሉ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ቢሆንም አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ ቀጠሮ ሲያዝ «ስምንት ሰዓት» ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ጉዞውን ከጾሙ ውጪ ማድረግ ይሻላል።

መድረሻ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የሚያርፈው በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከከተማው መሃል ቅርብ ቦታ ነው። በየብስ ሁለት የመኪና መንገድ አለ፦ ከባድ መኪኖች የሚበዙበት የጋላፊ መንገድና በድሬዳዋ በኩል የሚሄደው የደወሌ መንገድ። ሦስተኛው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። 2018 ጥር ላይ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ ባቡር ከአዲስ አበባ ዳር ከፉሪ-ለቡ ተነሥቶ ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ነጋድ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል። የመንገደኛ ባቡሩ የሚነሣበት ቀን ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ግድ ነው። ቪዛን በተመለከተም ከጅቡቲ ኤምባሲ ጠይቆ መነሣት ያዋጣል።

የድሮው ባቡር ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥ ከተማዋን ያስረዳል። ፈረንሳዮች ጅቡቲን የቆረቆሩት በ1888 ነው። ዋና ከተማቸውን ከኦቦክ ወደዚህ ያዛወሩት ገዥ ሌዎንስ ላጋርድ ከምኒልክ ጋር ወዳጅ ስለነበሩ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው ነበር። ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግና ለሌዎን ሸፍኖ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። «ለገሃር» የሚለው ስማችን «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ማለትም ከባቡር ጣቢያ የመጣ ነው። በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ባቡር ጅቡቲ ወርደው ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። አሮጌው ጣቢያ ዛሬም በከተማው ውስጥ አለ።

በከተማው ውስጥ

አሮጌው የአውሮፓውያን ሰፈር ትንሽ ነው፤ በአንድ ማለዳ በእግር ያልቃል። መሃሉ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃነት ከታወጀ በኋላ በዚያው ቀን ስም የተሰየመው አደባባይ ነው። ከዚያ በፊት ምኒልክ አደባባይ ይባል ነበር። ዙሪያውን ቅስት ያላቸው በረንዳዎች የከበቡት ሲሆን የተሠሩት ለጥላ ነውና ከፀሐይ ሸሽቶ በሥራቸው መሄድ ደስ ይላል። ጥቂት እልፍ ሲሉ የሐሙዲ መስጊድ ይታያል። በ1906 የተሠራ፣ ነጭ፣ ክብ ሚናሬት ያለው ሕንፃ ነው፤ ከፊቱ ያለው ገበያ ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ቅመምና ፍራፍሬ ይሸጥበታል። ፍራፍሬውና አትክልቱ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ የተጫነ ነው።

ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው፤ ቆጣሪ የላቸውም፤ ዋጋ ሳይነጋገሩ መግባት አይገባም፤ ከመሸ በኋላም ይጨምራሉ። ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው። ከ1973 ጀምሮ 1 የአሜሪካ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ስለተወሰነ ሒሳቡ አይለዋወጥም። ከተማዋ ግን ውድ ናት፤ ሁሉም ነገር ከውጭ ይገባልና።

የሥራ ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ፣ የቤቱና የመንገዱ ሶማሊኛና አፋርኛ ናቸው። አማርኛም በገበያና በምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ የተቸገረ ኢትዮጵያዊ ጮክ ብሎ በአማርኛ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያጣም። ፎቶ ማንሳት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮችን ማንሳት ክልክል ነው፤ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሁሉ እዚህ ሰፈር አላቸው።

ከምግቡ የየመን ዓሣ የሚባለውን ሳይቀምሱ መመለስ ያስቆጫል። ሙሉ ዓሣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በበርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ በትልቅ ቂጣ ይቀርባል፤ በእጅ ይበላል። ላሖህ የሚሉት ቀጭን እንጀራ መሰል ምግብ ቁርስ ላይ አለ፤ ስኩደካሪስ ደግሞ በሥጋ የተቀቀለ ቅመማ ቅመም ያለው ሩዝ ነው። የቧንቧው ውኃ ጨዋማነት ስላለው የታሸገ መጠጣት ይሻላል።

ወባን መናቅ አይገባም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ የወባ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘችው እዚሁ በ2012 ነው። ከደጋ የሚመጣ ሰው አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ።

ከከተማው ውጪ

ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች በጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች ይደረስባቸዋል። ዛጎልና ኮራል ያለበት ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ ዋና የማይችል እንኳ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ዓሣ ያያል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ በአርታ ባሕር ዳር ዌል ሻርክ ይመጣል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት እያጠለለ የሚበላ፣ ሰው የማይነካ ዓሣ ነው።

አሳል ሐይቅ ከከተማው ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጨው ከዳር እስከ ዳር እንደ በረዶ ያብረቀርቃል፤ ጠጠሩ እግር ስለሚቆርጥ ጫማ ሳያወልቁ መግባትና ለመታጠቢያ ንጹሕ ውኃ መያዝ ነው። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎብኚው ሌላም ነገር ያያል። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ለመሄድ በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች፣ በዚያ በረሃ ዳር ዳር ይታያሉ። በመኪናው ውስጥ ትርፍ ውኃ የጫነ ሰው አካፍሏቸው ቢያልፍ መልካም ነው።

አቤ ሐይቅ ራቅ ይላል፤ በዲኪል በኩል ጠንካራ መኪናና አንድ አዳር ይጠይቃል። ከውኃው ዳር የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫ የመሰሉ ዓምዶች ቆመዋል፣ ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይወጣል፣ ፍላሚንጎዎችም ይሰፍራሉ። ሐይቁ በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ነው፤ ከጊንጪ አካባቢ የተነሣው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው እዚህ ነው።