ሞጁል ልክ ነበር

ሞጁል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የርቀት ትምህርት ጥራዝ ነው። ኮምፒውተር ያጠኑት ደግሞ ትልቅ የመረጃ ሥርዓት ሲነደፍ የሚከፋፈልበትን፣ ለየብቻው ተሠርቶ ኋላ የሚገጣጠመውን ቁራጭ እንዲህ ይሉታል። ሁለቱንም «ክፍል» ብሎ መገላገል ይቻላል። የቃሉ ሥር ግን ስለ መክፈል አያወራም።

በላቲን ሞዱስ መጠን ወይም ልክ ነው፤ ሞዱሉስ ደግሞ ማሳነሻው፣ ትንሽ ልክ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ዶሪክ በሚባለው ስልት የሚሠራን ቤተ መቅደስ ሁሉ የሚለካው በአንድ ሞዱሉስ ነው፦ የዓምዱ ውፍረት 2፣ ቁመቱ ከነራሱ 14። ሞዱሉስ እዚህ የሕንፃው አካል አይደለም፣ መለኪያው እንጂ። (ሞዴልም በጣሊያንኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘር ነው። ዕቃ በሞዴል 19 የሚረከብ የንብረት ሠራተኛ ሳያውቀው የቪትሩቪየስን ቃል ይፈርምበታል።)

ታዲያ ልኩ እንዴት ቁራጭ ሆነ? በአንድ ልክ የተሠራው ነገር የልኩን ስም ወረሰ። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቁና መስፈሪያው ነው፣ «አንድ ቁና ጤፍ» ስንል ግን ስሙ ወደ እህሉ ተሻግሯል።

ችግሩ ስሙ ሲሻገር ልኩ መረሳቱ ነው። የኮምፒውተር ሊቁ ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ሥርዓትን ወደ ሞጁሎች የምንከፋፍለው በምን መስፈርት ነው? ምሳሌው የቃላት ማውጫ የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የተለመደው አከፋፈል የሥራውን ተራ ይከተላል፤ ጽሑፉን አስገባ፣ የየመስመሩን ቃላት አዟዙር፣ በፊደል ተራ ደርድር፣ አትም። ያምራል። ግን መስመሮቹ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡበት መንገድ ቢለወጥ ሁሉም ሞጁሎች መነካካት አለባቸው። ፓርናስ ሌላ ልክ አመጣ፦ ነገ ሊለወጥ የሚችል እያንዳንዱ የንድፍ ውሳኔ በአንድ ሞጁል ውስጥ ይሸሸግ፣ ጎረቤቱም አይወቀው። ያኔ አንዱ ሲቀየር ሌላው አይናጋም።

መስፈርት ደግሞ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እህል በቁና ከሚሰፈርበት። አማርኛው የላቲኑን ሐሳብ በራሱ መንገድ ይዞታል ማለት ነው። ስለዚህ ሞጁልን የግድ እንተርጉመው የምትሉ ባለሙያዎች «ክፍል»ን ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ተዉትና «ስፍር»ን ሞክሩ። እስካሁን ብዙ ጊዜ የምናነሳት «ስፍር ቁጥር የሌለው» ለማለት ብቻ ነው።