የግጦሽ መሬት (አሳይታ)
በአፋር ክልል፣ በአሳይታ አካባቢ፣ ለእንስሳት ማርቢያ የሚሸጥ መሬት የለም፤ መጤው የቱንም ያህል ገንዘብ ቢይዝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ በዚያው ዓመት የአካባቢው (የአውሳ) ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ተሰደዱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከልክሎ፣ አርብቶ አደሩ ከግጦሽ መሬቱ እንዳይፈናቀል ይደነግጋል። ባለሀብት ከመንግሥት በኪራይ ሊወስድ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ብቻውን አያሰነብትም፣ የጎሳ ሽማግሌዎችም መስማማት አለባቸው። እንግዳው አስቀድሞ ዳጉ ለተባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ይቀመጣል፦ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ስለ መሬቱ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ሀብት የሚባለው ግመል ነው። በአዋሽ ዳርም ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ግጦሹን እየዋጠው ነው።