ከቤት እስከ ሥራ፦ ብስክሌትና የርቀት መለኪያ በጅማና በቡና ከተሞቹ

በካርታ ላይ ርቀት በኪሎ ሜትር ይጻፋል። የአገር ቤት ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ርቀትን ሲናገር የሚጠቅሰው ጊዜን ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ማልዶ የተነሣ ሰው ለቀትር ይደርሳል፣ አድረው የሚሄዱበት አገር ነው ይላል። ይህ አነጋገር ከመሐንዲሱ መለኪያ ይልቅ የላላ ይመስላል። ሆኖም ዳገቱን፣ ጭቃውን፣ ሸክሙንና የተጓዡን ጉልበት አጠቃሎ የያዘ በመሆኑ፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገውን የዕለት ጉዞ ለመመርመር ከኪሎ ሜትሩ የቀረበ ነው። በእግረኛውና በመኪናው መካከል የገባው ብስክሌት በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ይህን መለኪያ እንዴት እንደለወጠው፣ የለውጡንም ወሰን ማን እንደወሰነው መመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

እንደሚታወቀው ጅማ ተሽከርካሪ ከመምጣቱ አስቀድሞ የመንገድ አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት በታች የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ከቅርብም ከሩቅም የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ ይሰበስብ ነበር። ወደ ገበያው የሚያደርሱት ጎዳናዎች እየተጠረጉ ይጠበቁ ነበር፤ በግዛቱ መግቢያዎችም ቀረጥ የሚከፈልባቸው ኬላዎች ነበሩ። ቡናውም ሌላውም ሸቀጥ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይጓዝ ነበር። በዚያ ዘመን መንገድ የንግድና የመንግሥት ጉዳይ ነበር እንጂ የዕለት ሥራ ጉዳይ አልነበረም። ገበሬው የሚያርሰው ከቤቱ አጠገብ፣ ሸማኔው የሚሠራው ከደጁ ነበርና፣ ጧት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ የሚባል የኅብረተሰብ ክፍል ገና አልተፈጠረም።

ይህ ክፍል የተፈጠረው ከተማው ከኮረብታው ወርዶ በሜዳው ላይ ሲስፋፋ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው፣ በአዌቱ ወንዝ አካባቢ ባለው ሜዳማ ቦታ ላይ መሥሪያ ቤቶችን፣ መኖሪያዎችንና የንግድ ሰፈሮችን ለየብቻ ከፋፍለው ቀየሱ፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአዲስ አበባም በመኪና መንገድ አገናኟት። የተለየ ቅየሳ ማለት የመኖሪያና የሥራ ቦታ መራራቅ ማለት ነው። የብስክሌቱ ስምም ከዚሁ ቋንቋ ነው የመጣው። ብስክሌት ራሱ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ የሚለጥፈውም ጎሚስታ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ውርሶች ሲሆኑ፣ ዕቃው በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራሉ።

ከነጻነት በኋላ የሥራ ቦታዎቹ እየበዙና እየተራራቁ ሄዱ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር የተጎዱትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስ ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የቡና ምርምር ጣቢያ ከከተማው በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በመልኮ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከተለ፤ እነዚህም የትምህርት ተቋሞች በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በሊሙና በጎማ ደግሞ ሱንቱ፣ ኮሳ፣ ጉመርና ሌሎችም የቡና እርሻዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን በአንድ ሰዓት የሚሰበስቡ ድርጅቶች ሆኑ። የመገኛ ሰዓትና የፊርማ መዝገብ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ሠራተኛው በየጧቱ አንድ ስሌት ማስላት ግድ ይሆንበታል፦ በስንት ሰዓት ብነሣ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ?

በአገራችን ብስክሌት ስሙን ያገኘው በውድድር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ የብስክሌት ቡድናችን በጎዳናው ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ሆኖ መጨረሱ በክብር የሚታወስ ነው። ስለ ሠራተኛው ብስክሌት ግን ብዙ አልተጻፈም፤ አሸናፊ የለውምና።

የስሌቱ ነገር እንዲህ ነው። እግረኛ በደልዳላ መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በደልዳላ የጠጠር መንገድ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል 80 ዋት ያህል ሲሆን፣ ይህም ጤነኛ ሠራተኛ ሳይደክም ለአንድ ሰዓት ሊያወጣው የሚችለው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ብስክሌተኛ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚያወጣው ጉልበት እግረኛው ከሚያወጣው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት የሚደረስበት ርቀት በሦስት እጥፍ ሲያድግ፣ በዚያው ሰዓት ሊደረስበት የሚችለው የመሬት ስፋት በዘጠኝ እጥፍ ያድጋል፤ 78 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው 700 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደገለጸው፣ የሰው ልጅ በየዘመኑና በየአገሩ ለዕለት ጉዞው የሚመድበው ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፈጣን መጓጓዣ ሲያገኝ ጊዜውን አይቀንስም፤ ርቀቱን ያረዝማል። በዚህ ዓይን ሲታይ መልኮ ለእግረኛ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ ለዕለት ምልልስ የማይመች መንገድ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን የ48 ደቂቃ ጉዞ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሰርቦ የወሰኑ ጫፍ ይሆናል። 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አጋሮ፣ ከዚያም ወዲያ ያሉት ሊሙ ገነትና በደሌ ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ብስክሌት የቡና ከተሞችን እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ መሣሪያ ሆኖ አያውቅም፤ ሊሆንም አይችልም። ሥራው እያንዳንዱን ከተማ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ጋር ማገናኘት ነው።

ይሁን እንጂ ዘጠኝ እጥፍ የሆነው ክብ በወረቀት ላይ ያለ ክብ ነው። የጅማ አገር በየአቅጣጫው በሸንተረርና በወንዝ ሸለቆ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ በመሬት ላይ ክቡ ጣቶቹን እንደዘረጋ እጅ ይሆናል፤ በሜዳው በኩል ይረዝማል፣ በኮረብታው በኩል ያጥራል። ሰውየው አቅሙን አጠንክሮ 100 ዋት ቢያወጣ፣ ከመቶ 3 በሚወጣ የጠጠር ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከመቶ 6 በሚወጣ ዳገት ላይ ግን 5 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ብቻ ይሆናል፤ ይህም የእግረኛው ፍጥነት ነው። ወደ ጅሬን የሚወጣ ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ ሲገፋ ቢታይ ስንፍና ወይም አለመሠልጠን አይደለም፤ እግሩ ሠርቶ የጨረሰው ትክክለኛ ስሌት ነው። ካምቢዮ ያለው ብስክሌት በፔዳሉ ላይ የሚያርፈውን ጫና ያቀልለታል፤ ኃይሉን ግን አይጨምርለትም። እንግዲህ ከመቶ 3 እና ከመቶ 6 መካከል ያለው ልዩነት፣ ለመኪና ነጂ የማርሽ ለውጥ ብቻ የሆነው፣ ለሠራተኛው ሥራውን ከቤቱ እየተመላለሰ በመሥራትና ባለመሥራት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ይህን ቁጥር የሚመርጠው ደግሞ መንገዱን የሚቀይሰው መሐንዲስ ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ዝናብ ነው። በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። የአካባቢው ቀይ ሸክላ አፈር ሲርስ ከጎማና ከጭቃ መከላከያው መካከል እየተጣበቀ ቸርኬውን ያስራል። በክረምት ጠጠር ባልለበሰ መንገድ ላይ ብስክሌቱ ሰውየውን መሸከሙ ይቀርና ሰውየው ብስክሌቱን ይሸከማል። ግን የቡና ሥራ የሚበዛው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ጊዜ ነው፤ ሥራው ሰውን አጥብቆ በሚፈልግበት ወራት መንገዱ ይደርቃል። ከዚህም ሌላ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ሳይውል ሳያድር መፈልፈል አለበት፤ ከዘገየ ጣዕሙ ይበላሻል። መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች ደግሞ ውሃ ስለሚሹ በወንዝ ዳር፣ ማለትም ከማሳው በታች ይሠራሉ። ጭነቱ ቁልቁል ወርዶ ባዶው ብስክሌት ሽቅብ ይመለሳል ማለት ነው። በሩዋንዳ ይህ ባሕርይ ተስተውሎ፣ አሜሪካዊው የብስክሌት ሠሪ ቶም ሪቺ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሪቱን ከጎበኘ በኋላ እሸት ቡና የሚጭን ጀርባው የረዘመ ብስክሌት ተነድፎ ለገበሬዎች ቀርቧል። የሩዋንዳ መልክዐ ምድር ከጅማ ያነሰ ኮረብታማ አይደለም።

ብስክሌት በአገራችን ምን ያህል ሊስፋፋ እንደሚችል ለማየት ባሕር ዳርን ማስታወስ ይበቃል። ከተማዋ በጣና ዳር ሜዳ ላይ ያለች ስትሆን፣ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባታል። ጎዳናዎቿም ሰፋ ብለው ስለተቀየሱ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ተማሪውና መምህሩ በብስክሌት የሚታወቁባት ከተማ ሆነች። የባሕር ዳር ሰው ከጅማ ሰው የተለየ እግር የለውም፤ የተለየው ደልዳላው መሬትና የጎዳናው ስፋት ነው። ጅማም በአዌቱ ዙሪያ ያለው የመካከሉ ክፍል ሜዳ እንደመሆኑ የዚሁ ዕድል ተካፋይ ነበረች። ባጃጅ በሁለቱም ከተሞች ሲበዛ ግን በመንገዱ ዳር የነበረው የብስክሌት ቦታ ጠበበ፤ በገጠሩ የቡና ወረዳ ደግሞ ሞተር ሳይክል ዳገቱን በነዳጅ ኃይል አሸነፈው።

በነዳጅ የተሸነፈ ዳገት ግን ነዳጅ ሲወደድ ይመለሳል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውና ከዚያ የተከተለው ታሪክ ከማንም የተሰወረ አይደለም። በሩቅ አገር የተቆፈረ ጉድጓድ ዋጋ፣ በማግሥቱ ከጅማ ሜዳ ወደ ሥራ በሚሄደው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ብስክሌተኛው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

አስፋልት ሲመጣ ለብስክሌተኛው የሰጠውም የወሰደበትም ነገር አለ። የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ በጠጠር ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያስኬደው የነበረው 80 ዋት በአስፋልት ላይ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል፤ የክረምቱም ጭቃ ይቀርለታል። በአንጻሩ በጠጠሩ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ይንፏቀቅ የነበረው የጭነት መኪና በ80 ይበራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ትከሻው በጠበበ ወይም ጠርዙ በተሸረሸረ መንገድ ላይ ብስክሌተኛው ያለው ምርጫ ከመኪናው ፊት መሄድ ወይም ወደ ቦይ መውረድ ነው። በዚህ ዓይነት ሰውየው ብስክሌቱን ሸጦ በታክሲ ተራ ሲሰለፍ፣ ብስክሌት በሕዝቡ ዘንድ አልተወደደም ይባላል። እውነቱ ግን በንድፉ ላይ ቦታ አልተሰጠውም ነው።

ይህ አስተሳሰብ መለወጥ ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ቅድሚያ የሚሰጥ የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ የኮሪደሩ ሥራም ጅማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ሆኖም የጅማ ብስክሌተኛ ጉዳይ በከተማው አደባባይ አያበቃም። ሠራተኛው የሚመጣው ከዳር ነው፤ አደጋውም የሚጠብቀው የከተማው መብራት ካለቀበት ስፍራ ጀምሮ ነው።

የሚያስፈልገውን መጠን ለማወቅ አስቸጋሪ ስሌት አይጠይቅም። ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት የሚደርሰው 15 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ በሚወስዱት ሦስት ዋና መውጫዎች ላይ የሚያስፈልገው በድምሩ 45 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ተኩል ጠንካራ ትከሻ ቢጨመር 13 ሄክታር ተኩል ንጣፍ ይሆናል። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ሁሉ ይሠራ የሚል የለም፤ ከየከተማው መግቢያ በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ርቀት ይበቃል። ለአጋሮም፣ ለሊሙ ገነትም፣ ለቦንጋም ስሌቱ ይኸው ነው። የእነዚህ መንገዶች ጥገና በየጊዜው በማኅበሩ አባላት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የመንገዱ ቁርጥ ሥዕል ሲነሣ ከነጩ መስመር ውጭ የሚጻፈው ቁጥር፣ ነገ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሰርቦ በኩል ብስክሌቱን አስነሥቶ ለሚወጣው ሰው የተጻፈ ቁጥር ነው።